«ትሮፖኒን ፖዘቲቭ» ብቻ ተጽፎ ለተዘጋ ካርድ ምን ኮድ ይሰጣል?

ጥያቄው፦ «በደቡብ ወሎ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ካርድ ክፍል የጤና መረጃ ቴክኒሽያን ነኝ። አንድ የ62 ዓመት ታካሚ በሳንባ ምችና በሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያውክ) አምስት ቀን ተኝተው ወጡ። የቆየ የኩላሊት ሕመምም አለባቸው። በገቡበት ቀን በካሴት (በፈጣን መመርመሪያ) የተሠራው ትሮፖኒን፣ የልብ ጡንቻ ጉዳት የደም ምርመራው፣ ፖዘቲቭ ነው። የመውጫ ማጠቃለያው ላይ ግን ‹ትሮፖኒን ፖዘቲቭ› ከሚሉት ሁለት ቃላት በቀር ስለ ልብ የተጻፈ የለም። አንዱ ባልደረባዬ ‹ትሮፖኒን ከወጣ ሃርት አታክ ነው፣ አይ 21.9 ስጪው› ይላል። ሌላዋ ‹ለላቦራቶሪ ውጤት ኮድ አይሰጥም፣ ተዪው› ትላለች። ኢንተርኔት ላይ አይ 5ኤ የሚል ኮድ አግኝቼ ሳስገባው ሲስተሙ አልቀበልም አለኝ። የቱ ነው ትክክል?»

ሦስቱም ትክክል አይደሉም። አይ 21.9 ሐኪሙ ያላለውን በሽታ ለታካሚው መስጠት ነው። ዝም ብሎ መተው ደግሞ ክትትል የሚፈልግ ግኝትን ከመዝገብ ማጥፋት ነው። አይ 5ኤ እርስዎ በሚሠሩበት ምደባ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 10ኛ ክለሳ፣ ውስጥ የለም። ሐኪሙ ተጠይቆ እስኪመልስ ድረስ የሳንባ ምቹ፣ የሴፕሲሱና የኩላሊቱ ኮዶች በቦታቸው ይገባሉ፤ ለትሮፖኒኑ አር 79.8 በተጨማሪነት ይያዝለታል። አር 79.8 «ሌሎች የተገለጹ ያልተለመዱ የደም ኬሚስትሪ ግኝቶች» የሚለው ነው። (እዚህ የኮዶቹን ፊደል በድምፁ ጽፌዋለሁ፤ መዝገብ ላይ በላቲኑ ፊደል ይገባል።)

የመጀመሪያው ባልደረባዎ የተሳሳተው ትሮፖኒን የሚናገረውን ከሚገባው በላይ አስፍቶ ስለተረጎመው ነው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣል። ምርመራው የሚነግረን ጡንቻው መጎዳቱን እንጂ ምን እንደጎዳው አይደለም። በፈረንጆቹ 2018 በወጣው አራተኛው ዓለም አቀፍ የሃርት አታክ ፍቺ መሠረት፣ ሃርት አታክ ለማለት በመጀመሪያ ትሮፖኒኑ ሲወጣ ወይም ሲወርድ መታየት አለበት፤ ቢያንስ አንዱ ውጤትም ከጤናማ ሰዎች የ99ኛው ፐርሰንታይል ወሰን (ከመቶ ጤናማ ሰዎች 99ኙ የማያልፉት መጠን) በላይ መሆን አለበት። ከዚህ ላይ የልብ ጡንቻ ደም ማጣቱን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ይጨመራል፦ የደረት ሕመም ወይም ተመሳሳይ ምልክት፣ በኢ ሲ ጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ የታየ አዲስ ለውጥ፣ በኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የታየ አዲስ የልብ ግድግዳ እንቅስቃሴ ጉድለት፣ ወይም በአንጂዮግራፊ (የልብ ደም ሥር ራጅ) የተገኘ የረጋ ደም። ትሮፖኒኑ ከፍ ብሎ ማስረጃው ከሌለ ስሙ «የልብ ጡንቻ ጉዳት» ነው፤ ሃርት አታክ አይባልም።

ያለ ሃርት አታክ ትሮፖኒን የሚያወጡ ሕመሞች ደግሞ በወሎ ዋርዶች በየዕለቱ የሚታዩ ናቸው። ሴፕሲስ አንዱ ነው። የቆየ የኩላሊት ሕመም ትሮፖኒንን ከወሰኑ በላይ አድርጎ ለወራት ሊያቆየው ይችላል። የልብ መዳከም፣ የሳንባ ደም ሥር መዘጋት፣ የልብ ጡንቻ ብግነት፣ በጣም ፈጥኖ የሚመታ ልብ፣ ከባድ ደም ማነስ፣ ስትሮክ፣ ከወሊድ ጋር ተያይዞ የሚመጣ የልብ ጡንቻ ድክመት፣ ከባቲ፣ ከጨፋ ወይም ከቆቦ ቆላ የሚመጣ ከባድ ወባም እንዲሁ። የእርስዎ ታካሚ ከእነዚህ ሁለቱን ይዘዋል። ያም ሆኖ «ከሴፕሲሱ ነው» ብሎ መደምደምም የእርስዎ ሥራ አይደለም። ካርድ ክፍል ሃርት አታክ መስጠት እንደማይችል ሁሉ ሃርት አታክ መከልከልም አይችልም።

ካሴቱ ራሱ የሚለየው ነገር ጠባብ ነው። ኳሊታቲቭ ካሴት መስመር ወጣ ወይም አልወጣም ይላል እንጂ መጠን አይሰጥም። የብዙዎቹ መነሻ ወሰን 0.5 ወይም 1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ በማሽን የሚሠራው ምርመራ ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ መጠን ያነባል። ስለዚህ በካሴት ፖዘቲቭ የሆነ ውጤት ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ጭማሪ አይደለም፤ በካሴት ኔጋቲቭ የሆነ ግን ልቡ አልተጎዳም ማለት አይደለም። በተለይ ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ከተሠራ ኔጋቲቩ ብዙ አይናገርም። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው የማንበቢያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ የወጣ ደብዛዛ መስመር ደግሞ ውጤት አይደለም፣ መጣል አለበት። ከኮድ አንጻር ዋናው ነገር ግን አንድ ጊዜ የተሠራ ካሴት መውጣትንም መውረድንም ማሳየት አለመቻሉ ነው። ባልደረባዎ የሚለው አይ 21 በዚህ ካርድ ላይ የፍቺውን የመጀመሪያ መስፈርት እንኳ የሚደግፍለት የለም።

በማሽን የሚሠራ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ደሴ፣ ሲሆን ችግሩ ሌላ ነው። አሃድ ነው። መደበኛው ምርመራ በናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ ከፍተኛ ትብነት ያለው ደግሞ በናኖግራም በሊትር ይጻፋል፤ በሁለቱ መካከል የ1,000 እጥፍ ልዩነት አለ። 0.04 ናኖግራም በሚሊ ሊትር እና 40 ናኖግራም በሊትር አንድ መጠን ናቸው። አንዱ ሆስፒታል «0.04» ብሎ ሪፈር ያደረገውን ሌላው «40» ብሎ ሲቀበል፣ አሃዱ ካልተጻፈ ትሮፖኒኑ ሺህ እጥፍ የዘለለ ይመስላል። ወሰኑም በማሽንና በትሮፖኒኑ ዓይነት (ቲ ወይም አይ) ይለያያል፦ የሮሽ ከፍተኛ ትብነት ትሮፖኒን ቲ ወሰኑ 14 ናኖግራም በሊትር ነው፤ የአቦት ከፍተኛ ትብነት ትሮፖኒን አይ ለሴት 16፣ ለወንድ 34 ነው። በአንዱ ማሽን የተሠራን ቁጥር በሌላው ማሽን ከተሠራ ቁጥር ጋር አነጻጽሮ «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ማለት አይቻልም። ከወሰኑ በላይ ሆነው የሚቆዩ ሁለት ውጤቶች በአንድ ማሽን ተሠርተው ልዩነታቸው ከ20 በመቶ የማይበልጥ ከሆነ፣ የቆየ ጉዳት እንጂ አዲስ እንዳልሆነ ያመለክታሉ።

ሁለተኛው ወጥመድ የእኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ይህን ማንም የውጭ መመሪያ አያስጠነቅቅም። ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ያትማል፣ ነርሷ በሀበሻ ሰዓት ትጽፋለች። የመጀመሪያው ናሙና ጠዋት 3፡10 ተቀዳ እንበል፤ ማሽኑ 09፡10 ይላል። ሁለተኛው ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ ከቀኑ 9፡10 ተቀዳ፤ ማሽኑ 15፡10 ይላል። ካርዱ ላይ የመጀመሪያው ከማሽኑ ወረቀት፣ ሁለተኛው ከነርሷ ማስታወሻ ከተገለበጡ ሁለቱም «9፡10» ይሆናሉ። ያኔ ሁለተኛው የመጀመሪያው ድጋሚ ቅጂ መስሎ ይጣላል፤ መውጣትና መውረዱን የሚያሳየው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። በተቃራኒው ከተገለበጡ ደግሞ 3፡10 እና 15፡10 ሆነው የስድስቱ ሰዓት ልዩነት አሥራ ሁለት ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የትሮፖኒን ናሙና በተጻፈበት ሁሉ «ሀበሻ» ወይም «ፈረንጅ» የሚል ቃል ይታከልበት፤ ሁለቱም ናሙናዎች ከአንድ ምንጭ፣ ይመረጣል ከማሽኑ ወረቀት፣ ይገልበጡ። የተቀዳበት ሰዓትና ላቦራቶሪ የደረሰበት ሰዓት ደግሞ የተለያዩ ናቸው፤ ለንጽጽር የሚያገለግለው የተቀዳበት ነው።

ወደ ኮዶቹ ልመለስ። ትሮፖኒን ኢንዛይም ስላልሆነ አር 74 (ያልተለመደ የደም ኢንዛይም መጠን) ውስጥ መግባት የለበትም፤ ይህ ከብዙ ካርዶች ላይ የሚታይ ስህተት ነው። ሌላው የልብ ጡንቻ ምርመራ፣ ሲ ኬ ኤም ቢ፣ ግን ኢንዛይም ነው፤ ያለ ዲያግኖሲስ ከፍ ብሎ ከተገኘ አር 74.8 ይሰጠዋል። (ሲ ኬ ኤም ቢ ከሌላ ጡንቻም ይወጣል፣ በ2 እና 3 ቀን ውስጥም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ትሮፖኒን ግን ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱ ካልተስማሙ ያጣላቸው ጊዜው ሊሆን ይችላል።) ቢ ኤን ፒ እና ኤን ቲ ፕሮ ቢ ኤን ፒ (ለልብ መዳከም የሚሠሩ የደም ምርመራዎች) ከፍ ብለው ብቻቸውን ከተጻፉ አር 79.8 ነው። ቢ ኤን ፒ ከፍ ማለቱን አይቶ አይ 50 (የልብ መዳከም) መስጠትም ልክ እንደ ትሮፖኒኑ ስህተት ነው፤ ኩላሊት ሕመምና ዕድሜ ያወጡታል፣ ውፍረት ደግሞ ይደብቀዋል።

የአር ኮዶች አንድ ጥብቅ ገደብ አላቸው። ሐኪሙ ግኝቱን የሚያብራራ ዲያግኖሲስ ከጻፈ የአር ኮዱ ይነሳል። «ኤስ ቲ ከፍታ የሌለው ሃርት አታክ» (ኤስ ቲ የኢ ሲ ጂ መስመር ክፍል ነው) ብሎ ከጻፈ አይ 21.4 ብቻ ነው፤ ከጎኑ አር 79.8 መደርደር አያስፈልግም። ኤስ ቲ ከፍታ ያለው ከሆነ እንደ ቦታው ከአይ 21.0 እስከ አይ 21.3 ይሄዳል። አይ 21.9 ሐኪሙ ሃርት አታክ ብሎ ጽፎ ዓይነቱን ሳይገልጽ ሲቀር የሚሰጥ ነው፤ የትሮፖኒን ማደሪያ አይደለም። «ዓይነት 2 ሃርት አታክ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ማለትም የደም ሥር ሳይዘጋ ልቡ ከሚያገኘው በላይ ኦክስጅን ስለፈለገ የመጣ ከሆነ፣ በዓለም ጤና ድርጅት 10ኛ ክለሳ የተለየ ኮድ የለውም፤ በአይ 21 ሥር ገብቶ ምክንያቱ ለብቻው ኮድ ይሰጠዋል። «የልብ ጡንቻ ጉዳት» ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ማውጫውን «ጉዳት» በሚለው ቃል አይፈልጉት፤ ኤስ 26 ላይ ይጥልዎታል። እሱ ለመኪና አደጋ፣ ለጩቤና ለጥይት ነው። ጉዳቱ በዚህ ምደባ የተለየ ኮድ ስለሌለው፣ ምክንያት ለሆነው በሽታ ኮድ ይስጡና አር 79.8 ያክሉ።

አይ 5ኤ የአሜሪካ ነው። አሜሪካ የዓለም ጤና ድርጅትን 10ኛ ክለሳ ወስዳ ለራሷ አስፍታ ትጠቀማለች። በዚያ የሰፋ ቅጂ ውስጥ ለዓይነት 2 ሃርት አታክ አይ 21.ኤ1 ከጥቅምት 2017፣ ያለ ደም እጥረት ለሚመጣ የልብ ጡንቻ ጉዳት አይ 5ኤ ከጥቅምት 2021 (በፈረንጅ) ጀምሮ ይሠራሉ፤ ትሮፖኒኑም አር 79.89 ተብሎ በአምስት አሃዝ ይጻፋል። ኢንተርኔት ላይ የሚያገኙት አብዛኛው የኮድ ማብራሪያ ለዚያ አገር የክፍያ ሥርዓት የተጻፈ ነው። ኮዱ ከነጥቡ በኋላ ሁለት አሃዝ ወይም ፊደል ካለው አሜሪካዊ መሆኑን ይጠርጥሩ። በ11ኛው ክለሳ የሚሠራ ተቋም ካለ ደግሞ ሃርት አታክ ቢኤ 41 ሥር ነው፦ ኤስ ቲ ከፍታ ያለው ቢኤ 41.0፣ የሌለው ቢኤ 41.1። ደንቡ ግን ያው ነው፤ ቁጥር ብቻውን ቢኤ 41 አያሰጥም።

«አር/ኦ» (የእንግሊዝኛው «ሩል አውት» ምህጻር) የሚለው አጻጻፍ ለብቻው መነሳት አለበት። አንዱ ሐኪም «ገና መጣራት ያለበት» ሊል፣ ሌላው «ተጣርቶ የለም የተባለ» ሊል ይጽፈዋል፤ የኮዱ ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደንብ፣ ሕክምናው አልቆ ዋናው ሕመም «ተጠርጣሪ» እንደተባለ ከቀረና ሌላ መረጃ ከሌለ፣ እንደተረጋገጠ ተቆጥሮ ኮድ ይሰጠው ይላል። ሰውየው ለሃርት አታክ ጥርጣሬ ተይዘው፣ ተመርምረው፣ የለም ከተባለና ሌላ በሽታ ካልተገኘ ግን ዜድ 03.4 ነው። ስለዚህ የመውጫ ወረቀት ላይ «አር/ኦ» ካዩ በራስዎ አይፍቱት፣ ይጠይቁ።

ሌላው የቋንቋችን ችግር «የልብ ድካም» ነው። ሐኪሞች ለልብ መዳከም (አይ 50) ሲሉት፣ ሕዝቡና ብዙ ዜና ለሃርት አታክም ይለዋል። ታካሚው «ከዓመት በፊት የልብ ድካም ነበረብኝ» ብለው ነርሷ እንደዚያው ካሰፈረች፣ አይ 25.2 (ያለፈ ሃርት አታክ) ይሁን አይ 50 ከቃሉ ማወቅ አይቻልም። ይህንንም ሐኪሙ ይፍታው።

አሁን ለሐኪሙ ስለሚላከው ጥያቄ። የተለመደው ስህተት መልሱን አፍ ውስጥ የሚያስገባ ጥያቄ ነው፤ «ሃርት አታክ ብለው ይጻፉልኝ» ዓይነቱ። ጥያቄው በካርዱ ውስጥ ያለውን ማስረጃ ይዘርዝር፣ ምርጫዎቹ ሁሉ በሕክምና ትርጉም የሚሰጡ ይሁኑ፣ «ሌላ» እና «መወሰን አይቻልም» አይጉደሉ። ለዚህ ካርድ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ታካሚው በሳንባ ምችና በሴፕሲስ ተኝተዋል፤ የቆየ የኩላሊት ሕመም አለባቸው። በገቡበት ቀን በካሴት የተሠራ ትሮፖኒን ፖዘቲቭ ነው፤ ድጋሚ ስለመሠራቱ ማስረጃ አልተገኘም። የደረት ሕመም ስለመኖር አለመኖሩና የኢ ሲ ጂ ንባብ በማጠቃለያው አልሰፈረም። ግኝቱ ምን ያመለክታል? ሀ) ሃርት አታክ (ዓይነቱ ይገለጽ)፤ ለ) በሌላ ሕመም ምክንያት የመጣ አጣዳፊ የልብ ጡንቻ ጉዳት (ምክንያቱ ይገለጽ)፤ ሐ) የቆየ የልብ ጡንቻ ጉዳት (ምክንያቱ ይገለጽ)፤ መ) ክሊኒካዊ ትርጉም የሌለው፤ ሠ) ሌላ፤ ረ) መወሰን አይቻልም።» ከመላክዎ በፊት የኢ ሲ ጂ ወረቀቱ ካርዱ ውስጥ መኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ «ወረቀቱ አለ፣ ንባቡ የለም» ብለው ይጨምሩ። መልሱ ያለፈውን ጽሑፍ ሰርዞ ወይም በነጭ ቀለም ሸፍኖ አይጻፍም። ቀን፣ ሰዓት፣ ስምና ፊርማ ያለው ተጨማሪ ማስታወሻ ሆኖ ከማጠቃለያው ሥር ይገባል። በጤና መድን ክፍያ ካርዱን የሚያገላብጥ ኦዲተር የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ፊርማ ነው።

ለሐኪሞቹም አንድ መስመር ቢለምዱ ጥያቄው ራሱ አያስፈልግም ነበር። ለምሳሌ፦ «ትሮፖኒን አይ 0.12፣ ከ6 ሰዓት በኋላ 0.13 ናኖግራም በሚሊ ሊትር (ወሰን 0.04)፤ የደረት ሕመም የለም፤ ኢ ሲ ጂ ከቀድሞው አልተለወጠም፤ ከቆየ የኩላሊት ሕመም ጋር የተያያዘ የቆየ የልብ ጡንቻ ጉዳት።» ዓይነቱ፣ መጠኑ ከነአሃዱ፣ ወሰኑ፣ ጊዜው፣ ምልክቱ፣ ኢ ሲ ጂው፣ ፍርዱ። ከእነዚህ የመጨረሻው ከጠፋ የቀሩት ሁሉ ቢሟሉም የበሽታ ኮድ አይወጣቸውም። በካሴት ብቻ የሚሠራ ቦታ «በካሴት፣ መጠን የለውም» ብሎ መጻፍ ይበቃዋል፤ ታካሚው ወደ ደሴ ወይም ወልድያ ሪፈር ከተደረጉ ደግሞ ይህ መስመር ናሙናው ከተቀዳበት ሰዓት ጋር ሪፈር ወረቀቱ ላይ ይገልበጥ፤ ተቀባዩ ሆስፒታል ሁለተኛውን ውጤት የሚያነጻጽርበት መነሻ ያገኛል። ላኪው ሆስፒታል ግን ኮዱን የሚሰጠው ታካሚው ሲሄዱ በነበረው መረጃ ነው። «ደሴ ሄደው ሃርት አታክ ተባሉ» የሚል የቤተሰብ ወሬ በእርስዎ ካርድ ላይ ኮድ አይሆንም፤ የሪፈር መልስ ወረቀት ያስፈልጋል።

ወደፊት ሃርት አታክ የተረጋገጠለት ካርድ ሲገጥምዎ የ28 ቀኑን ቆጠራ ይጠንቀቁ። አይ 21 የሚሠራው ከጀመረበት እስከ አራት ሳምንት ነው፤ በዚያ ውስጥ ሌላ ሃርት አታክ ከመጣ አይ 22 ይሆናል። ነሐሴ 20 ለጀመረ ሕመም 28ኛው ቀን መስከረም 13 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት መስከረም 12። ጳጉሜንን የዘለለ ሰው መስከረም 18 ያደርሰዋል፤ አምስት ቀን ያለፈበትን ካርድም በአይ 21 ይመዘግባል።

ለያዙት ካርድ የምመክረው ይኸው ነው፦ ዛሬ የሳንባ ምቹን፣ የሴፕሲሱንና የኩላሊቱን ኮድ ሐኪሙ በጻፈው መሠረት ያስገቡ፣ አር 79.8 ያክሉ፣ ጥያቄውን በጽሑፍ ይላኩ፣ የላኩበትን ቀን ይመዝግቡ። መልሱ «ሀ» ከሆነ አር 79.8 ተነስቶ አይ 21 በተገለጸው ዓይነት ይገባል። «ለ» ወይም «ሐ» ከሆነ አር 79.8 ይቆያል፣ የተጠቀሰው ምክንያት ኮድ ገና ካልገባ ይጨመራል። «መ» ከሆነ አር 79.8 ይነሳል፤ «ሠ» ከሆነ በተጻፈው ይሄዳል። ሐኪሙ ሆስፒታሉን ለቀው ከሄዱ የዋርዱ ኃላፊ ወይም ሜዲካል ዳይሬክተሩ ካርዱን ዓይተው በራሳቸው ስምና ፊርማ ይጽፉበታል፤ በሄደው ሐኪም ስም ማንም አይፈርምም። የወሩ ሪፖርት የሚዘጋበት ቀን ደርሶ መልስ ካልመጣ፣ ወይም መልሱ «ረ» ከሆነ፣ ካርዱ በአር 79.8 ይዘጋል።